በከሚሴ አዳራሽ ያየሁት ባሕር

ዛሬ ረፋድ በከሚሴ አዳራሽ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ላይ፣ ከአንድ ሥዕል ፊት ቆምኩ።

ሠዓሊዋ በኩባ የተማረች የአካባቢያችን ልጅ ስትሆን፣ ስፔኖች በቅኝ ግዛት ዘመን ያነጹትን ምሽግና ከሥሩ የሚናወጠውን ባሕር ሥላለች።

ዕድሜዬን ሙሉ የዮናስን ታሪክ ሳስተምር ባሕር አይቼ አላውቅም፤ በልቤ የነበረው እዚሁ አጠገባችን ካለው የጨፋ ረግረግ ጥቂት የሚሰፋ ውኃ ነው።

ጎረቤቴ ዘይነባ ክንዴን ያዘች። ልጇ ሰይድ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ከወጣ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

«ያ ረቢ! የኔታ፣ ሰይዴ የሚሻገረው ይህን ነው?»

«ይህ የኩባ ባሕር ነው እንጂ የእኛ አይደለም፤ አይዞሽ።»

«የእኛውስ ከዚህ ያንሳል?»

እኔም ፈራሁ።

ልጆቻችሁ ባሕር ተሻግረው ከረጅም ዝምታ በኋላ የደወሉላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ከዚህ በታች ጻፉልን። ዘይነባ እንዳነብላት አጠገቤ ተቀምጣ ትጠብቃለች።