ሰደቃ የወጣለት እግር

ጋሽ ኑርሁሴን ሰኞ ገበያ ውስጥ በእግር በምትነዳ የስፌት መኪና ልብስ እየሰፉ ሃያ ዓመት ኖረዋል። እንጀራቸው እግራቸው ነበር። ስኳር በሽታ ይዟቸው እግራቸውን ማቃጠል ሲጀምር ታዲያ ከበሽታው ይልቅ ማቃጠሉን ጠሉት። “ያረቢ፣ ይህን እሳት አጥፋልኝ” እያሉ ሲለምኑ ከርመው፣ በ1972 ረመዳን እሳቱ እውነትም ጠፋ። ዳንኩ ብለው በግ አረዱ፤ የሰፈራቸው የሆጤ ጎረቤት ሁሉ ሰደቃውን በልቶ መረቀ።

የጤና ጣቢያዋ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሯ ሸዋረጋ፣ “ማታ ማታ እግርዎን ይዩ፤ በጣቶችዎ መሀል ያድርቁ” ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን በቀን አምስት ጊዜ ለዉዱእ የሚታጠብ እግር፣ ያውም የዳነ፣ ምኑ ይታያል ብለው ተዉት።

አንድ ሰኞ ቀትር ላይ መስጊድ የዙሁርን ሶላት ሰግደው ተመልሰው ሲሰፉ ዋሉ። ወደ አሱር ሶላት ግድም ሀምዱ የሚባል የገራዶ ገበሬ ኮንጎ ጫማ አንጠልጥሎ መጣ።

“አሰላሙ አለይኩም። አባቴ፣ መስጊድ በር ላይ ጫማ ሳንለዋወጥ አልቀረንም። ይኼ ሰፋኝ።”

“ወአለይኩም ሰላም። ወላሂ ተሳስተሃል፤ ያደረግሁት የራሴን ነው።”

በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው ግማሹ ያንኑ ጥቁር ኮንጎ ነበር የሚጫማው፤ መሳሳት አያስወቅስም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሳቸው ግን ድርቅ አሉ። በስንት ልመና ሊያወልቁት ቢሞክሩ ጫማው አልወጣ አለ። ሀምዱ ጎትቶ ሲያወጣው የላስቲኩ ጠርዝ ትንሿን ጣታቸውን ልጧት፣ ውስጡ ደም ረግቶ ተገኘ።

“የማን ደም ነው?” አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። የምራቸውን ነበር።

ሀምዱ ደግፎ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ሸዋረጋ ቁስሉን እያጠበች ተቆጣች።

“ማቃጠሉ የጠፋው ድነው አይደለም። እግርዎ ስሜቱን አጥቶ ነው። ይኼ ካመረቀዘ ጣትዎን፣ ብሎም እግርዎን ሊያስቆርጥ ይችላል።”

“አልገባኝም፣ ልጄ። ሲያመኝ ደህና ነበርሁ፣ ሳያመኝ ታመምሁ ነው የምትይኝ?”

“እንደሱ ይያዙት።”

“እኔ እኮ በግ አርጄበታለሁ!” አሉ። ሸዋረጋ ፋሻውን ጠቀለለች።

የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ተደርቦባት ሰነበተች። ባለቤታቸው ሸሪፋ በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ጣት በጣት ታያለች። ቁስሉ አልደረቀም፤ አልባሰምም። እሳቸው ግን ግራ እንደተጋቡ ነበሩ፤ በግ አርደው ያመሰገኑትን ይቅርታ ይጠይቁበት ወይስ አሁንም ያመስግኑ፣ አያውቁትም።

ጁምዓ ዕለት ያንን በግ የበሉት ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው መጡ። ለዱዓ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ ሰው፣ “ኑርሁሴን፣ ምን እንለምንልህ?” አሉ።

ጋሽ ኑርሁሴን ፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን ጫን ጫን አድርገው አዩት።

“እንዲያመኝ ለምኑልኝ።”

እጁን የዘረጋው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። “አሚን” ያለችው ሸሪፋ ብቻ ነበረች።