አደራ በሁለት ቋንቋ

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ አለዚያ አንባቢ ከዘበኛ ጋር ያምታታኛል። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከእርዳታ ዱቄት ጆንያና ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ አማርኛ፣ ትግርኛና አገውኛችንን ኽምጣናን አቀላጥፌ እናገራለሁ። አማርኛውንማ ብዙ ባለ ዲግሪ ከሚጽፈው አሳምሬ እጽፋለሁ። ሰቆጣ ውስጥ አስታራቂ ሽማግሌ ሲታጣ የሚጠራው እኔ ነኝ፤ ሳይታጣም እጠራለሁ።

የምሠራው አንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የሚልካቸው ተማሪዎች በሚያርፉበት ቤት ነው። ክፍላችን የተልዕኮ ክፍል ይባላል። ስሙ ትልቅ ነው፣ ሰዎቹ ግን ሦስት ነን። ኃላፊዋ ከደቡብ የመጣች ወጣት መነኩሲት ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ሁለተኛዋ ጸሎት ቤቱን የምታጸዳ፣ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ደወል እደውላለሁ፣ ለቅዳሴ የሚያስፈልገውን አሰናዳለሁ፣ ተማሪዎቹ ገጠር ሲወጡ አስተረጉምላቸዋለሁ። እኔም ሴትዮዋም ኦርቶዶክስ ነን። ቤቱ ይህን ያውቃል፤ ተለወጡ ያለን የለም።

የሰፈሬ ሰው ግን ይተርበኛል። አንድ ጎረቤቴ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይጀምራል።

«እንዴት አደርክ ፈረንጁ? የዛሬው ደወል የማን ነው?»

«የነሐስ ነው» እለዋለሁ።

«ስትሞትሳ? በየትኛው ነው የምንቀብርህ?»

«መጀመሪያ አንተን ልቅበርና እነግርሃለሁ።»

የሴትዮዋ አንድ ልጅ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እናቷ ስለ እሷ ብዙ አታወራም። ስልክ ስትደውልላት ግን መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትወጣለች፤ ስትመለስ ፊቷ ይበራል።

አንድ ጊዜ ከተማሪዎች ጋር አምደወርቅ ሰንብቼ ተመለስኩ። ሴትዮዋ የጸሎት ቤቱን ወለል ትወለውላለች።

«እንዴት ሰነበቱ ጋሼ? መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችኝ። የለበሰችው የዘወትር ልብሷን ነው።

ሲስተር የቅዳሴ ልብስ ወደሚቀመጥበት ክፍል ጠራችኝና በሩን ዘጋች።

«አባባ፣ ልጅቷ ሞታለች።»

«የማን ልጅ?»

«የእማማ። እርስዎ እንደሄዱ ጓደኛዋ ከዚያው ደውላ ነገረቻት።»

«እናትየው ወለል እየወለወለች ነው እኮ።»

«አዎ። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት።»

ነገሩን አስረዳችኝ። ሴትዮዋ ስልኩን እንደያዘች መጥታ የጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ቃል ብቻ ትደጋግም ነበር፤ አደራ፣ አደራ። ሲስተር እጇን ይዛ «አደራሽን ተቀብያለሁ፣ ልጅሽን አመጣልሻለሁ» አለቻት። ሴትዮዋ ቃሉን መደጋገሟን ተወች። ተነሥታ ለጎረቤቶቿ አስከሬኑ እየመጣ ነው፣ እስኪመጣ አታልቅሱ አለቻቸው። በእኛ ዘንድ አስከሬን መንገድ ላይ ከሆነ ለቅሶ አይጀመርም። ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዞ ተቀመጠ፣ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሲስተር በበኩሏ የምታውቀውን ሰው ሁሉ በስልክ ስትለምን ሰነበተች። በመጨረሻ ያገኘችው መልስ ልጅቷ እዚያው ተቀብራለች የሚል ነው።

«አደራ በላ ሆንኩ አባባ» አለችኝ።

«እስቲ ቃሉን እሷ እንዳለችው አድርገሽ በዪው» አልኳት።

አለችው። ወዲያው ገባኝ።

«ሲስተር፣ አደራ አላለችሽም። በኽምጣና ጌታን ስንጠራው የምንለው ቃል ነው። ላልለመደ ጆሮ ከአማርኛው አደራ አይለይም። የጠራችው እግዜርን ነው፤ አንቺን ምንም አልጠየቀችሽም።»

ይህን መፍታት የሚችል በዚያ ቤት ከእኔ በቀር አልነበረም። ሲስተር ትንሽ ቀለል ይላታል ብዬ ጠበቅሁ።

«እሷ ያለችው የፈለገው ይሁን» አለች። «አመጣልሻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱን ደግሞ በአማርኛ ነው ያልኩት፤ በደንብ ገብቷታል።»

እጄን ወደ በሩ እጀታ ሰደድኩ።

«ልነግራት ነው» አለች። «አብረውኝ ይቁሙ። መርዶውን በገዛ ቋንቋዋ ትስማው። ቃል በቃል ይተርጉሙልኝ፤ አያሳምሩልኝ።»

«እኔ አላሳምርም።»

«ያሳምራሉ አባባ።»

ወደ ጸሎት ቤቱ ገባን። ሲስተር እርጥቡ ወለል ላይ ሴትዮዋ ፊት ተንበረከከች። እያንዳንዱን ቃል ወደ ኽምጣና መለስኩት። ልጅሽ እዚያው ተቀብራለች። ላመጣት አልቻልኩም። አመጣለሁ ማለት አልነበረብኝም። እኔ በክፉዎቹ ዓመታት መርዶ ብዙ ቤት አድርሻለሁ። አሁን አፌ ራሱ ይናገራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር። ዓይኔ መወልወያው ላይ ነበር፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው።

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ።

«ማን አለቀሰላት?» አለች በቋንቋችን።

«አላውቅም።»

«ሬሳዋ ይመጣል ብዬ እኔም አላለቀስኩላት።»

ይህን ለሲስተር ተረጎምኩላት። ሳላሳምር።

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ አልጋ ላይ ይዘረጋል። ልጅቷ ግን ስትሄድ ደህና ደህናውን ይዛው ሄዳለች። ቤት የቀረው ተማሪ ሳለች የምትለብሰው ሰማያዊ ሹራብ ነው፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ያንን ዘረጋነው። አልጋውን ወደ ግቢው ስናወጣ በሌላው ጫፍ የያዘው ያ የሚተርበኝ ጎረቤቴ ነበር።

«ፈረንጁ፣ ከፍ አድርገው፤ በሩ ይይዘናል» አለ።

ሴቶቹ ሹራቡን ሲያዩ ተቆጥቦ የሰነበተው ለቅሶ ባንዴ ወጣ። ሲስተር ከተማሪዎቿ ጋር መጥታ አጥሩ በር ላይ ቆማ ቀረች። የገባችም ያልገባችም አትመስልም። እናትየው ከመሃል ቀና አለችና በኽምጣና ጮክ ብላ ተናገረች።

«ምን አለች?» አለችኝ ሲስተር።

«አስገቧት አለች። ልጄን ስትፈልግ የሰነበተች ናት፣ ከእኔ ጋር ትቀመጥ አለች።»

«አሳምረውት ነው?»

«አይደለም።»

ገብታ ተቀመጠች።

ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ በዚያ ለቅሶ አንተ ምን ሠራህ እያለ ይጠይቀኛል። የሠራሁት ይህ ነው፦

ከሁሉም አስቀድሞ የቃሉን ምንነት ፈትቻለሁ።

መርዶውን አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተርጉሜአለሁ።

የልጅቱን የክርስትና ስም ከእናቷ ተቀብዬ ለንስሐ አባታቸው አድርሻለሁ፤ ፍትሐቱ በገዛ ደብሯ ተደርጎላታል።

በዚህ ዕድሜዬ ድንኳን ተክያለሁ፣ አልጋ ተሸክሜአለሁ።

ለሲስተር በኽምጣና እግዜር ያጽናሽ ማለትን አስተምሬአታለሁ። ለእናትየው ራሷ አለችው፣ ድምፁንም አልሳተችም። ጥሩ አስተማሪ ነኝ።

ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ለማልቀስ ሞክሬአለሁ፤ አልመጣልኝም። ለቅሶው ሲያበቃ ግን ሹራቡን ከአልጋው ላይ አንሥቼ፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ለእናትየው በእጇ ሰጥቻለሁ።