እስክመለስ ጥራልኝ

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ዘበኛው በር ላይ የሚንከራተቱ ብዙ እናቶች አይቷል፤ እንደዚች ያለች ግን ገጥማው አታውቅም። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳዋለች። አታለቅስም፣ ልግባ ብላም አትለማመጠውም። ግንባሯን የተዘጋው በር ላይ አስደግፋ በተነፈሰች ቁጥር «አማኑኤል» ትላለች።

«እናቴ፣ ኧረ ትንሽ አረፍ በይ» አላት።

«ስሙ እኮ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። እኔን እንዳልገባ ከለከላችሁኝ። ስሙን ከጠራሁለት ግን ልጄ እዚያ ውስጥ ብቻውን አይሆንም።»

ዘበኛው ራሱ ጸሎት ከተወ ቆይቷል።

ረፋዱ ላይ ግንባሯን ከበሩ አነሳች። «ውሃ ተጎንጭቼ መጣሁ። እስክመለስ አንተ ጥራልኝ፤ አደራህን!» ብላው ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሄደች።

ዘበኛው ግራ ቀኙን አየና እያፈረ፣ በለሆሳስ «አማኑኤል» አለ። ደጋግሞ ሲለው ማፈሩንም ረሳው።

በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ብቅ አለ። «የልጁ እናት የት ሄደች?» ብሎ አንገቱን ደፋ።

ዘበኛው ነገሩ ገባው። ስሙን መጥራት ግን አላቆመም። አደራው እስክትመለስ ነበር፤ እሷ ደግሞ ገና አልመጣችም።