የመርጋ ልጅ ፎቶግራፍ

ዘመናይ የናዝሬት ባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነበረች። ብዙ አትናገርም፤ የሰው ፊት ግን አይጠፋትም። ወንድሟ ሰብስቤ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር አንድ ቀን ከጅቡቲ የኪስ ካሜራ ገዝቶ አመጣላት። ጠፍጣፋ ናት፤ ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ትረዝማለች። ፊልሟ ከነፕላስቲክ ቤቱ ቀጭ ብሎ ይገባል። ዘመናይ ከዚያ ወዲህ ካሜራዋን በጋዋኗ ኪስ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም ነበር።

ያን ጊዜ ፎቶ መነሳት ማለት ስቱዲዮ መሄድ ነው። ሰው ኮት ተውሶ፣ ሰዓት ተውሶ፣ ከፕላስቲክ አበባ አጠገብ ቆሞ ትንፋሹን ውጦ ይነሳል። ዘመናይ የምትወደው ግን ሌላ ነበር፤ ስኳር ሊገዙ ቀበሌው ሱቅ ደጃፍ የተሰለፉ ሴቶች ዘንቢላቸውን በወረፋቸው አስቀምጠው ጥላ ሥር ሲያወሩ፣ የጋሪ ፈረስ ቆሞ ሲያንቀላፋ፣ ልጆች የወንጂ ሸንኮራ ሲግጡ። ምን ያደርጋል፣ ካሜራዋን ያየ ሁሉ «ቆይ! ልብስ ልቀይር!» እያለ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ሲመለስ የምታገኘው የተገተረ ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ጣጣ ነበረባት። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆም ፍጥረት ስለሆነ እሷም ካሜራዋን አቁማ ታነሳ ነበር። የምታይበት ቀዳዳና የሚያነሳው መስታወት ጎን ለጎን ናቸውና ካሜራዋ ስትቆም አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናሉ። ስለዚህ ቀረብ ብላ ያነሳችው ሰው ሁሉ ራስ አልነበረውም። ሰብስቤ ፊልሙን አዲስ አበባ አሳጥቦ ሲያመጣ ግቢው በሳቅ ይሞላል። ሳምቡሳ የምትሸጠው ጎረቤቷ ሳፊያ «አንገት ቆራጯ መጣች!» ትላት ጀመር። በኋላ ሰብስቤ «አጋድመሽ አንሺ» ብሎ አሳያት፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

በዚያው ግቢ ሎሚ የምትባል አራስ ነበረች። ባሏ መርጋ ዘምቶ አስመራ በኩል ነው፤ ሴት ልጁ የተወለደችው እሱ ከሄደ በኋላ ነበር። አብሮት የዘመተው ጓደኛው ሰንበታ በፈቃድ መጥቶ ሰነበተና ቅዳሜ ሊመለስ ሆነ። ሎሚ የልጇን ፎቶ በሱ እጅ ለባሏ ልትሰድ ፈለገች። አማቷ አዴ ቡዜ ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ገና ክርስትና ያልተነሳች ልጅ! ስንት ወታደር ያያታል? ዐይን ይበላታል።»

ሎሚ የልጇን ጨርቅ ልታጥብ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ እዚያ ውኃውን ከፍታ፣ ሳታጥብ ቆመች። ዘመናይ በመስኮት አየቻት። ያን ቀን እራት አልበላ አላት።

በማግስቱ ነገሩን ያነሳችው ሳፊያ ናት። «አዴ ቡዜ፣ ስለ ምን ይጨነቃሉ? ዘመናይ ታንሳት። እሷ እንደሆነች ጭንቅላት አይገባላት!»

አዴ ቡዜ ሳቁ። የጎደለው ጥርሳቸው እንዳይታይ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነው ሁልጊዜ የሚስቁት።

«እንዲያ ከሆነ ታንሳት። ፊቷ ካልታየ ዐይኑ የት ያርፋል? አባትየው እግሯን ይይ፣ እጇን ይይ።»

ዘመናይ ደነገጠች። አሁን ማጋደሙን ታውቅበታለች። ዝም ብላ አጋድማ ብታነሳት ሎሚ ደስ ይላታል፤ ግን እናት የሚያህሉ ሴት አታልላ በምን ዐይኗ ታያቸዋለች? አቁማ ብታነሳት ደግሞ መርጋ ራስ የሌላት ልጅ ሊታቀፍ ነው። በፊልሙ የቀረቻት አንዲት ፎቶ ብቻ ናት። የሚቀጥለው ፊልም ሰብስቤ ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አዴ ቡዜ ለበዓል የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ጨሌያቸውን አድርገው፣ ሕፃኗን ታቅፈው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሏት ዘመናይን፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የልጂቱን ተይው። የኔን ራስ ግን እንዳትቆርጪ። ልጄ እናቴ ሞተች እንዲል ነው?»

ዘመናይ ካሜራዋን አወረደች። ፊቷ ቀላ።

«አዴ ቡዜ፣ አላታልልዎትም። ካሜራዋን ካጋደምኳት የሁለታችሁም ራስ ይገባል። ካቆምኳት የሁለታችሁም ይቀራል። መምረጥ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።»

«ጉድ ነው! አንቺ አትችይም ተብሎ አልነበር?»

«ተምራ ነዋ!» አለች ሳፊያ።

አዴ ቡዜ ሕፃኗን ዝቅ አደረጓት፤ ወደ ጉልበታቸው ወሰዷት። ነጠላ ሸፈኑባት። «አሁንስ?»

«አሁን የጤፍ ቋጠሮ የያዙ ነው የሚመስሉት» አለ ሰንበታ።

ሎሚ ከቧንቧው አጠገብ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አዴ ቡዜ ምራታቸውን አዩ፤ ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርገው የሕፃኗን ፊት ረጅም ጊዜ አዩ። አፍንጫዋ የመርጋ ነው፤ ቁርጥ። መርጋ ያቺን አፍንጫ ገና አላያትም።

«ሰንበታ!» አሉ ድንገት። «ለሌላ ሰው ብታሳይ እረግምሃለሁ!»

«ማንም አያያትም። ካልሲዬ ውስጥ ደብቄ ነው የምወስዳት።»

«ካልሲ? የልጄን ልጅ ካልሲ ውስጥ?»

ሳፊያ በሳቅ ፈነዳች። አዴ ቡዜም አልቻሉም፤ ሳቁ አሸነፋቸው፤ እጃቸው ደግሞ ሕፃን ይዟል፣ አፋቸውን የሚሸፍን የለም። ዘመናይ ካሜራዋን አጋድማ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለችና ቁልፉን ተጫነች።

ሰብስቤ ፊልሙን በማግስቱ ባቡር ይዞ ሄደ። ዓርብ ማታ እስኪመለስ ሎሚ ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ ከትኬቱ መስኮት ሥር ልጇን አዝላ ቆማ ጠበቀች። ዘመናይ ፖስታውን ከፈተች። ሁለቱም ነበሩ። አሮጊቷ ከነጎደለ ጥርሳቸው ይስቃሉ፤ ሕፃኗ ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደተቆጣ ሰው ወደ ካሜራው ታያለች። ሎሚ ፎቶውን ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰንበታ ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበት መጣ። አዴ ቡዜ ፎቶውን ተቀብለው አራቀው፣ አቅርበው አዩ።

«ይሄን የጎደለ ጥርሴን ምን ብለሽ አወጣሽው!»

«ሲስቁ ያምርብዎታል» አለች ዘመናይ ቀስ ብላ።

አዴ ቡዜ ወደ ቤት ገብተው የኩል ብልቃጣቸውን አመጡ። ዘንጉን አጠቀሱና ፎቶው ላይ፣ በሕፃኗ ግንባር፣ ዐይን እንዳይነካት ጥቁር ነጥብ አደረጉ፤ እፍ ብለው አደረቁት። ለሰንበታ ሊሰጡት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ቆይ እስኪ፣ እኔንስ ማን ይጠብቀኛል?» ብለው በራሳቸውም ግንባር ላይ አንድ ነጥብ ጨመሩ።

ሰንበታ ፎቶውን በደረት ኪሱ ከትቶ ቆለፈው፤ ሎሚ ደግሞ ቁልፉ መያዙን በጣቷ ነካ አድርጋ አረጋገጠች።