ውሃው እስኪጎድል

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሊበላ ገበያ አጠገብ የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሰው የኖሩ ሰው ናቸው። መንገድ ከወጡ ወይ ለቀብር ነው ወይ ለሰርግ። ከደሴ ለእረፍት መጥቼ፣ ቱሪስቶች ከኮን ከተማ በላይ ካለው ደጋ ተነስተው መንደር ለመንደር እያደሩ የሚጓዙበትን የእግር መንገድ አብረን እንሂድ ስላቸው፣ «ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ። መምጣቱን ግን መጡ። የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው።

ነሐሴ ነበር። በዚያ ወቅት ፈረንጅ ስለማይመጣ መንገዱ የእኛ ብቻ ሆነ። መንገድ የሚመራን ጎልማሳ ገበሬ ገና ከማደሪያችን ስንወጣ ሰማዩን አየና «ዛሬስ አይለቀንም» አለ። አልለቀቀንም። አባቴ ቆም እያሉ የጫማቸውን ጭቃ በድንጋይ ይፍቃሉ፤ ትንሽ ሄድ እንዳሉ ያው ጭቃ ተመልሶ ይለጠፋል። እያየኋቸው ስስቅ ጃንጥላውን ወደ እኔ ያዘነብላሉ፤ የሳቅኩት ስለረጠብኩ ይመስል።

ከቀትር በኋላ አንድ ወንዝ ዘንድ ደረስን። ሌላ ጊዜ በድንጋይ ላይ እየተረገጠ የሚታለፍ ነው አሉ። ያን ዕለት ግን አተላ መስሎ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። መሪያችን በዱላው ለካና ራሱን ነቀነቀ። «እንቀመጥ። ዝናቡ ካባራ ይጎድላል።»

ከማዶ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ጆንያ አዝላ፣ ዶሮ በብብቷ ይዛ። በውሃው ጩኸት ላይ እየጮኹ ወሬ ተጀመረ።

«ወዴት ነሽ፣ ልጄ?» አሉ አባቴ።

«አራስ ልጠይቅ፣ አባባ። ልጄ ወልዳ ነው። ቤቷ ከእናንተ ወዲያ ነው።»

«ምን ወለደች?»

«ሴት!»

«እንኳን ማርያም ማረችልሽ!»

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዘመድ ሆንን። ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ ስለ ልጅቷ ምጥ፣ ስለ እኔ አለማግባት ሳይቀር ተወራ። ይህንን የመጨረሻውን አባቴ ናቸው በሙሉ ድምፃቸው ለማዶ ያሳወቁት። መሪያችን ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረልኝ።

እንደራበን ገባት መሰለኝ፣ ሴትዮዋ ከጆንያዋ ቆሎ አወጣች። በፌስታል ቋጥራ፣ ጠጠር ጨምራበት ወረወረች። መሪያችን ቀለበው። ቆሎው ለአራሷ የተቆላ ነበር፤ ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም።

አባቴ ሳይመልሱ መብላት አልሆነላቸውም። ከኮታቸው ኪስ አንድ ብስኩት አወጡ፣ እንደ ጎረምሳ ወደኋላ ተንደርድረው ወረወሩ። መሃል ወንዝ ወደቀ። ውሃው ይዞት ሲሄድ ቆመው አዩት። ፊታቸው ሲከፋ ከማዶ እንኳ ሳይታይ አልቀረም።

«እንደደረሰኝ ይቁጠሩት፣ አባባ» አለች ሴትዮዋ።

አባቴ ሳቁ። ጥርሳቸው መነጣጠል ከጀመረ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ወይ እኔ ልብ አላልኩም።

ዝናቡ ጋብ ሲል መሪያችን መጀመሪያ ገባ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። አባቴ መሃል ላይ ሲንገዳገዱ፣ ሴትዮዋ ዶሮዋንና ጆንያዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ገብታ ክንዳቸውን ያዘች። ከተሻገርን በኋላ መሪያችን ጆንያዋን ተሸክሞ፣ እሷም ዶሮዋን ይዛ፣ ወደመጣንበት ዳር አሻገራትና ተመለሰ። ከማዶ ሆና መንገዷን ልትቀጥል ስትል አባቴ ጃንጥላቸውን ለመሪያችን ሰጡት። «ለአራሷ ነው በላት። ሕፃኗን ስታወጣት የምትከልልበት።» መሪያችን እንደገና ተመልሶ ወንዙን ገባ።

ደመናው እንደገና ጠቆረ። ማደሪያችን እስክንደርስ አባቴ ኮታቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ፣ ባርኔጣቸው እየተንጠባጠበ ሄዱ። ጃኬቴን ልደርብላቸው ስል እጄን ገፋ አደረጉት። ምድጃው አጠገብ ካልሲያቸውን እያሞቁ፣ ለማደሪያችን ባለቤት ስለ አራሷ ይነግሯት ጀመር። ስሟን አያውቁም፤ የምጧን ነገር ግን አንድም ሳያስቀሩ ተረኩት። እኔም ትከሻቸው ላይ ተደግፌ እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።