የወንድሜ አፍንጫ

ባለፈው ሳምንት የመተንፈሻ አካልን ሳስተምር፣ በአየር ቧንቧችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ንፍጥ የሚያመነጩ ጥቃቅን እጢዎችና ህዋሳት እንዳሉ በጠመኔ ሥዬ አሳየሁ። "ከብቱም ድመቱም እንደኛው ነው" ስል ከፊት የተቀመጠች ተማሪ አፍንጫዋን ይዛ "ኤጭ!" አለች። ክፍሉ ሳቀ። በልጅነቴ እንዲህ የምለው እኔ ነበርሁ።

ያደግሁት ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ርብ ወንዝ በየክረምቱ ሞልቶ ከሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ቤቱ ሁሉ እርጥብ ጭድ ይሸታል፤ የእኛም የልጆቹ አፍንጫ እስከ መስከረም አይደርቅም። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ገና የሁለት ወር ሕፃን ሳለ ጉንፋን ያዘው። ሊጠባ ሲል አፍንጫው ይደፈንና ይታፈናል። ያኔ እናቴ ጎንበስ ትልና ንፍጡን በአፏ መጥጣ እንትፍ ትላለች። እኔ ፊቴን አዙሬ "ኤጭ! አይቀፍሽም?" እላለሁ።

"ምኑ ይቀፋል? ያንቺንም እንዲሁ ነው የመጠጥሁት" ትለኝ ነበር። እኔ ግን ቢገድሉኝ አላደርገውም እያልሁ በልቤ እምላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጨው አለቀብንና እናቴ ወረታ ሄደች። ልጁን ዝናብ እንዳይመታው ለእኔ ተወችው። "አደራሽን፣ አፍንጫውን እያየሽ" አለችኝ። ወዲያው ርብ ሞላና ከማዶ አስቀራት። አባቴ ከብቶቹን ይዞ ደረቅ መሬት ፍለጋ ሄዷል፤ ጎረቤቱም ሩዙን ከጎርፍ ሊያተርፍ ማሳ ወርዷል።

እኩለ ቀን ላይ ታደለ ማልቀስ አቃተው። ደረቱ ይርገበገባል፣ ከንፈሩ ጠቆረ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ የውስጡ አልወጣም። ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት፤ እምቢ አለ። ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ። እያወቅሁ ቆምሁ። የወንድሜ ትንፋሽ እየተቆረጠ እኔን ቀፈፈኝ!

አራስ ላማችን ብቻ እቤት ቀርታ ነበር። ቀና ስል በራፉ ላይ ቆማ የጥጃዋን አፍንጫ ትልሳለች። ከላሚቱ አነስሁ፤ አፈርሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አፌን አስጠጋሁ። ጨው ጨው አለኝ። እንትፍ ብዬ ደገምሁ። በሦስተኛው ታደለ ጮኸ። ልጅ ሲያለቅስ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወንዙ ጎደል ሲል እናቴ እስከ ወገቧ ርሳ ደረሰች። ልጁን አየች፣ እኔን አየች፤ አፌ ዳር የደረቀውን በመዳፏ ጠርጋ "እሰይ፣ የኔ እናት!" አለችኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። በደስታ መሰላት።

ዛሬ እናቴ የለችም፤ ነፍሷን ይማር። ታደለ ግን እንዲህ ጎረምሶ ወረታ ሩዝ መፈተጊያ ቤት ይሠራል። ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ብናኙ እስከ ቅንድቡ ወርሶታል። ሳል ያዘውና ዞር ብሎ አክታውን ተፋ።

"ይቅር በይኝ እታለም፣ ቀፈፈሽ አይደል?" አለ አፍሮ።

"እሱ እኮ ነው አቧራውን ከሳንባህ የሚመልስልህ" አልሁት፤ መምህርነቴ መቼ ይለቀኛል! መሐረቤን አውጥቼ አፍንጫውን እንደ ሕፃን ጠረግሁለት።

ሳቀ። እናታችን ታሪኩን እየነገረች ነው ያሳደገችው። "አንቺ ባትኖሪ እኮ የለሁም" አለኝ፣ ሁሌም እንደሚለው። ቀፎኝ ቆሜ ያየሁትን ያን ጊዜ ግን፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።