በሶ የማያፈሰው ኮዳዬ

ዛሬ በሶ የሞላ ኮዳ ዘቅዝቄ ከሚስቴ ነጠላ በላይ ነቀነቅኩት። አላበድኩም!

የፕላስቲኩ ኮዳዬ በሶ እያፈሰሰ የመኪናችንን ወንበር ስላበላሸ፣ «ሁለተኛ በሶ ይዘህ መኪና ውስጥ እንዳትገባ» ተብዬ ነበር። ጾመኛ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ያለ በሶ አይሆንለትም።

ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሄጄ የብረት ኮዳ ገዛሁ። አፉ ሰፊ ነው፣ እጅ ገብቶ ያጥበዋል፤ ክዳኑም ላስቲክ አለው። «አይዝግም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ያነበብኩት ራሴ ነኝ። የምማርበት የማታ ትምህርት ቤት እንደኔ ያለ ተማሪ አላየም።

ኮዳውን ስነቀንቀው ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ነጠላዬን!» ብላ ጮኸች።

ጠብ ያለ ነገር የለም። ደረቴን ነፋሁ።

ኮዳውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «እውነትም አያፈስም። በል በሶህን ጠጣና አምጣው፣ ለጠበል ይሆነኛል።»

እናንተስ ቤት ጥሩው ኮዳ የማን ነው?